ዋንዛው ላይ የሰቀልኩት ሳክስፎን

በከተማችን በሁሩሙ ባሪቶን ሳክስፎን ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ እስካሁን ግን አንድም ሰው አልቀናብኝም። ከፈረሰ የማርሽ ባንድ የተረፈ አሮጌ ዕቃ ነው። ናሱ ጠቁሯል፣ ክብደቱ አንገት ይሰብራል። ወፍራሙን ድምፅ ስነፋው ግን ከጆሮ በፊት ሆድ ነው የሚሰማው። የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ በሬዎች ከየበረታቸው ይመልሱልኛል። ባለቤቴ ደግሞ ጆሮዋን ይዛ ትወጣለች።

ባለፈው ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ወደ መቱ ልሄድ ስነሳ፣ “የቁልፎቹን ቆዳ አይጥ እንዳይበላብህ ሳክስፎኑን ጓሮ ዋንዛው ላይ ስቀለው” አለችኝ። አሳቢነቷ ልቤን ነካው። ሰቀልኩት።

ስመለስ ሳክስፎኑ ማንም ሳይነፋው ያጉረመርማል። ቀና ብዬ ባየው አፉ በንብ ተሸፍኗል! ከሥሩ ጎረቤታችን ጋሼ ቶሎሳ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማር ሲቆርጡ የኖሩት፣ በኩራት ቆመዋል።

“በገ ገመዴ! እንኳን ደስ ያለህ፣ ንብ ገባልህ!”

“ጋሼ፣ እሁድ የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ የምነፋው እኮ ነው! ያስወጡልኝ!”

“ራሱ መጥቶ የገባን ንብ ማን ያባርራል? ማሩ እስኪቆረጥ መታገስ ነው እንጂ።” ከዚያ ግራ ተጋብተው አዩኝ። “ቆይ፣ ይሄ ነው እንዴ የሚጮኸው? እኔ የታመመ በሬ ያለህ መስሎኝ!”

“ታዲያ ይሄ ምን መስሎዎት ነበር?”

“ዘመናዊ ቀፎ ነዋ! አዲስ የመጣ ነው ስባል ጊዜ ንብ እንዲገባበት በሰም አሽቼ አጠንኩት።”

“ማን ነው ያለዎት?”

ጋሼ ቶሎሳ ጣታቸውን ወደ ቤቴ ቀሰሩ። ባለቤቴ በራፉ ላይ ቁጭ ብላ የማር ማሰሮ ታጥባለች።