ፕላሱ ከላይ የዋለ ዕለት

የብየዳ ሽቦ ሲቀልጥ በሸተተኝ ቁጥር የክሬሰንት ታውን ጠባብ ኩሽናችን ትዝ ይለኛል። እናቴ ደሴ በአባቷ ሱቅ ሬድዮ እየጠገነች ብታድግም፣ እዚህ ቶሮንቶ ግን በአንድ የድምፅ መሣሪያ ፋብሪካ ካርቶን ታሽግ ነበር። ጥገና ክፍል ለመግባት ፈተና ማለፍ ነበረባት፤ የሚፈቀደውም ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር።

በበረዶው ወራት ከሥራ ተመልሳ ኩሽናው ውስጥ ሽቦ እየበየደች ትለማመድ፣ ኦፕ አምፕ የሚባለውን ድምፅ ማጉያ በካርዶች ላይ ትሥል ነበር፤ አንድ ሦስት ማዕዘን፣ በግራው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባቸው ሁለት መግቢያዎች፣ በቀኙ አንድ መውጫ። ካርዱን ሳነሳላት ሽንኩርት እየከተፈች፣ ሲግናሉ በማይነሱ ገብቶ ተገልብጦ ከወጣ «ኢንቨርቲንግ»፣ ሳይጎላ እንዳለ ከወጣ «ፎሎወር» እያለች የሽቦውን አሠራር ትለይ ነበር፤ አንዴም ስታ አታውቅም።

ፈተናውን ግን ወደቀች። ካርዶቹን ጫማ ካርቶን ውስጥ ከታ «ይበቃኛል፣ ማሸግም ሥራ ነው» አለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብሆንም በጣም ተናደድኩ።

በረዶው ሲቀልጥ ካርዶቹን አወጣሁና ዘይት ያበላሸውን አንዱን እንደገና ሣልኩት፤ ተሳስቼ ፕላሱን ከላይ፣ ማይነሱን ከታች አድርጌ። ሳሳያት እንደልማዷ «ኢንቨርቲንግ» አለች።

«ኖ፣ እማ፤ ሲግናሉ የገባው በፕላሱ ነው። ኖን ኢንቨርቲንግ ነው።»

ካርዱን ተቀብላኝ ከቀሩት ጋር ጎን ለጎን ስታስቀምጠው ለምን እንደወደቀች ገባት። በአያቴ ሱቅ ማይነሱ ሁልጊዜ ከላይ ይሣል ስለነበር፣ ምልክቱን ሳታነብ ሽቦው ከላይ ወይስ ከታች ገባ ብላ ብቻ ነበር የምትለየው፤ ፈተናው ላይ ግን ፕላሱን ከላይ ያደረጉ ሥዕሎች ነበሩ። አውቶቡስ ሹፌሩ አባቴ ሰምቶ «ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ብሎ ሳቀባት፤ እሷም ሳቀች። የቀሩትን ካርዶች ፕላሱን አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እያደረግሁ ሣልኩላት።

በበጋው መጀመሪያ፣ መንገድ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው እናቴ፣ የማሸጊያ ክፍል ልብሷን ሳትቀይር ትምህርት ቤቴ በር ላይ ቆማ ሁለተኛውን ፈተና ማለፏን የሚገልጸውን ወረቀት እያውለበለበች እልል አለች። ጓደኞቼ ዞረው አዩን፤ እኔ ግን ኩራቴ ከሐፍረቴ በለጠ።

ዛሬ የጥገናው ክፍል ኃላፊ ናት፤ ፈተናውንም የምታወጣው እሷ ናት። ሥራ ቦታዋ ልጠይቃት ስሄድ አዲስ ገቢዎችን መጀመሪያ ያቺን የእኔን ጠማማ ካርድ ስታሳያቸው አያለሁ። ያኔ ለእሷ የተፈቀደላት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ አሁን የሳተውን ሻይ ጋብዛ፣ ስህተቱን አሳይታ፣ እስኪያልፍ ድረስ ትፈትነዋለች።