በትንሹ ሞተር ሄደን በትልቁ ተመለስን

ዜናውን አጎቴ ሰይድ ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ በር ላይ ቆሞ ነው የነገረን። በቀን ሒሳብ የሚሠራበት፣ ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ያለው የሞተር ጋራዥ ባለቤት ኡስታ ባክሪ፣ የአንዲት ዶክቶራን፣ የአንዲት ሴት ሐኪምን፣ ትልቅ ሞተር ለጥገና ከጀበል አውሊያ እንዲያመጣ ልኮታል። ጭረት ሳይነካው ከገባ ቋሚ ሠራተኛ ያደርገዋል፤ ኢቃማውንም ያወጣለታል። የመኖሪያ ፈቃድ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ካርቱም ላላችሁ ማስረዳት የለብኝም። አጎቴ ከወሎ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሦስቱንም ዓመት ፖሊስ የቆመበትን መንገድ እየዞረ ነው የሚሄደው።

እናቴ እልል አለች። እኔ ይበልጥ የፈነደቅሁት ግን ቀጥሎ በመጣው ነገር ነው፤ አረብኛው ስለማያስተማምን አስተርጓሚ ሆኜ አብሬው እሄዳለሁ! የአማርኛ መምህራችን ያለፈውን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡት ወዲህ እጄ አርፎ አልቀመጥ ብሏል፤ ስለዚህ ደብተሬንም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ዓርብ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

የወጣነው በጋራዡ ትንሽ ሞተር ነው። ይህችን ሞተር እንደ ብስክሌት ነው የማውቃት። መሪዋን ነካ ሲያደርጓት ትዞራለች፤ አጎቴ ሱፍ እየፈለቀቀ በአንድ እጁ ይነዳታል። የጋዝ ሲሊንደር ለሰው በሚያደርስበት ቀን እኔም ከኋላ እቀመጣለሁ፤ ሥራዬ ሚዛን መሆን ነው። ሲሊንደሩ በቀኝ በኩል ይታሰራል፣ እኔ ወደ ግራ እሳባለሁ። በተለይ ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ሲሊንደሩ አስፋልቱን እንዳይነካ አጥብቄ እሳባለሁ። "ሚዛኔ፣ ተሳቢ!" ይለኛል፤ እኔም እኮራ ነበር።

ከላክላ የሚባለው ሰፈር ስንደርስ ፀሐይዋ ጀርባችንን መጥበስ ጀመረች። የጭነት መኪና ባለፈን ቁጥር ነፋሱ ሞተሯን ወደ ዳር ይገፋታል። መንገድ ዳር ከምትሸጥ ሴት ሻይና በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ዘላቢያ ገዛን፤ ሻዩ አንዱ ሁለት መቶ ጂኔ ነው። ሴትዮዋ ሞተራችን ስትነሳ ሰምታ፣ ይቺ ነገር ነዳጅ ነው ወይስ ሣር የምትበላው ብላ ጠየቀችን። ለአጎቴ ስተረጉምለት ሻዩ ትን አለው።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ጀበል አውሊያ

ትልቁ ሞተር የዶክቶራ ባል ንብረት መስሎኝ ነበር። ከግድቡ ማዶ ያለው ግቢያቸው በር ሲከፈት ቶብ የለበሰች፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ወጣች። ባለ ሞተሩ አለ ወይ ብዬ በጨዋነት ጠየቅኋት።

"ፊት ለፊትሽ ቆሜያለሁ" አለችኝ።

ክው አልኩ። ሞተሩን የሸፈነውን ሸራ ስትገልጠው ደግሞ ጭራሽ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የኋላ ጎማው ብቻ የኛን ሦስቱን ያህል ይወፍራል። አጎቴ ከመቆሚያው ላይ ያነሳው በሦስተኛው ሙከራ ነው። ዶክቶራ ገባ ብላ ሱሪና ቦት ጫማ አድርጋ ተመለሰች፤ በኛ ትንሽ ሞተር ከኋላ ልትከተለን ነው! አነዳዱን ሳላይ ቁልፌን አልሰጥም አለች።

መመሪያዋን እየቆጠርኩ ተረጎምኩለት። ፍጥነትህን ከመታጠፊያው በፊት ቀንስ። ከገባህ በኋላ ፍሬን አትያዝ። የምትፈራውን ሳይሆን የምትሄድበትን እይ። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙን እጀታ ወደ ፊት ግፋው።

"ተሳስተሽ ነው የተረጎምሽው" አለኝ አጎቴ። "ወደ ፊት ከገፋሁትማ ወደ ግራ ነው የሚሄደው።"

ደግሜ ጠየቅኋት። ልክ ነበርኩ። ግቢው ውስጥ ዞር ዞር እያለ ፍጥነት ጨመረና የቀኙን እጀታ ቀስ ብሎ ገፋው፤ ያ ሁሉ ብረት ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ታጠፈ። በዓይኔ ባላይ አላምንም። ትንሹም እንዲሁ ነው የሚታጠፈው አለች ዶክቶራ፤ ቀላል ስለሆነ እጃችን አያስተውለውም እንጂ።

አምስት ሰዓት፣ መታጠፊያው

በትልቁ ሞተር ከአጎቴ ኋላ ሆኖ ቀጥ ባለው መንገድ መሄድ ሌላ ዓለም ነው። የጭነት መኪናው ነፋስ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ትልቁ ሞተር ግን ጉዳዬም አይለው። ዘና ብዬ ነበር።

ከዚያ መንገዱ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ሞተሩ ከሥሬ ወደ ቀኝ ዘነበለ፤ እኔም ሳላስበው እንደ ልማዴ ወደ ግራ ተሳብኩ። አጥብቄ። ሞተሩ መታጠፉን ተወው። መሀል መስመሩን አልፈን ወደ ግራ ሄድን፤ ከፊት ለፊት ውሃ የጫነ የአህያ ጋሪ ይመጣ ነበር። የአህያው ጆሮዎች ቀጥ ብለው መቆማቸው እስከ አሁን አይጠፋኝም። አጎቴ "ቢስሚላህ" አለ፤ የቀኝ ክንዱ ሲዘረጋ አየሁ። ጋሪውን በክንድ ርቀት አልፈን ቀኝ ዳር ቆምን።

ዶክቶራ ደረሰች። ምን ሆኖ ነው ብላ እኔን ጠየቀች።

አጎቴ ቀደመኝና በአማርኛ "አሸዋ አንሸራተተኝ በያት" አለ።

አስፋልቱ ንጹሕ ነበር። አሸዋ የሚለውን የአረብኛ ቃል ምላሴ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ማውጣት ብቻ ነው የቀረኝ። ኢቃማው ዓይኔ ላይ መጣ፣ የእናቴ እልልታ ጆሮዬ ላይ መጣ። ግን ዶክቶራ ከኋላችን ነበረች፤ ደግሞም እጁ ከጋሪው ሲያድነን አይቼ እንዴት አጎቴ ተንሸራተተ እላለሁ?

"እኔ ነኝ" አልኳት። "ወደ ግራ ተሳብኩ።"

ለምን ስትለኝ ሲሊንደሩን ነገርኳት። የሲሊንደሩን ስም አጎቴም በአረብኛ ያውቀዋል፤ ሲሰማው አንገቱን ደፋ።

"ያ ቢቲ፣ የኔ ልጅ፣ አንቺ ዕቃ ነሽ?" አለችኝ። "ጀርባሽ ወደ ግራ ሲሄድ አይቻለሁ። ሰው ሁሉ እንደሚያመካኘው አሸዋ ነው ብትይኝ ኖሮ ቁልፌን እቀበለው ነበር።"

ለአጎቴ ተረጎምኩለት። ሁሉንም፣ የመጀመሪያውንም ጥያቄ። "ዕቃ አይደለሽም" አለኝ በአማርኛ። ይሄን አልተረጎምኩም።

ከዚያ ያንኑ መታጠፊያ ሦስት ጊዜ ሄድንበት። ዶክቶራ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በቀኝ ትከሻው፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ በግራ ትከሻው አሻግሬ መንገዱን ማየት። በመጀመሪያው ዓይኔን ጨፈንኩ። በሁለተኛው ከፈትኩ። በሦስተኛው ሞተሩ ሲዘነብል አብሬው ዘነበልኩ፤ ሜዳውም፣ ዛፎቹም፣ ነጭ አባይም አብረውን ጋደም አሉ፤ ሄልሜቴ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ካርቱም ሁለት

ኡስታ ባክሪ ሞተሩን በጨርቅ እየጠረገ ዙሪያውን መረመረው። ጭረት የለም። ዶክቶራ የጋሪውን ነገር አልደበቀችም፤ ደንግጦም መታጠፊያ ውስጥ ፍሬን አልያዘም፣ ሞተሬን የሚይዝልኝ እንዲህ ያለ ሰው ነው የምፈልገው አለችው። ሲሊንደር ግን ከእንግዲህ በሞተር አይጫን አለች። ኡስታ እሑድ ፎቶግራፍህን ይዘህ ና፣ ኢንሻአላህ እንጀምራለን አለ።

በእግር ወደ ቤት ስንመለስ ጥግ ላይ ፖሊሶች ቆመዋል። አጎቴ አየኝ። "እስከ እሑድ እንኳ በዚያኛው መንገድ እንዙር" አለና በቀስታ ሳቀ።

ትንሹ ሞተር ስህተቴን ሦስት ዓመት ሙሉ ችሎኛል፤ ትልቁ አንዴም አልቻለኝም። ለዚህም ነው ይበልጥ የወደድኩት።

ደግሞ ልሰናበታት ስል ዶክቶራ ለእናንተም የሚሆን ነገር ነገረችኝ። በየዓርቡ ከዐስር ሶላት በኋላ ከጋራዡ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ለሴቶች ልጆች ታስተምራለች፤ መጀመሪያ መቀመጥ፣ ከዚያ መንዳት። ክፍያ የለውም። ሱሪና የተሸፈነ ጫማ አድርጋችሁ ኑ፤ እናቶቻችሁ ከፈሩ ይዛችኋቸው ኑ። ስትመጡ በመንገድ ላይ ወንድም ወይም አጎት "እግረ መንገድሽን ይቺን ሲሊንደር" ቢላችሁ ግን፣ ዶክቶራ የጠየቀችኝን መልሳችሁ ጠይቁት፦ "እኔ ዕቃ ነኝ?"