መጀመሪያ ማን ታመመ

ከፉሪ ወደ ሰበታ ስሄድ ከሚኒባስ አስወርደው ወሰዱኝ። ምክንያቱን ያን ዕለትም ሆነ በኋላ የነገረኝ የለም። የታሰርኩበት ክፍል ለአሥር ሰው የሚጠብ ነው፤ እኛ ሃያ ስድስት ነበርን። በሩ አጠገብ የውሃ በርሜል፣ ጥግ ላይ የሽንት ባልዲ ነበረ። አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ፤ በተኙት ሰዎች እግር መሀል እየረገጥኩ ስመላለስ ዋልኩ።

በዕድሜዬ ምክንያት ካቦ፣ ማለትም የክፍሉ አለቃ፣ አደረጉኝ። ውሃ ሲመጣ ሰው ስለሚጋፋ ሕግ አወጣሁ፤ ከእኔ በቀር በርሜሉን ማንም አይነካም። እጀታ በሌላት ጣሳ እየቀዳሁ ለሁሉም እኩል አድል ነበር። በዚህም እኮራለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ተቅማጥ ገባ። «ንጽሕናውን የማይጠብቅ ሰው ጎረቤቱን ይገድላል» ብዬ ገሠጽኳቸው። ከሱሉልታ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ በኦሮምኛ የአክብሮት መጠሪያ ኦቦ እንላቸዋለን። ዓይናቸው ጎደጎደ፣ ምላሳቸው ደረቀ። ጠባቂው «ነገ እናያለን» ብሎ ሄደ።

አብሮን የታሰረ የሕክምና ተማሪ በሳሙና ስባሪ ግድግዳው ላይ መኝታችንን ሳለ። ከዚያ እያንዳንዱን ሰው ይጠይቅ ጀመር፤ የት ትተኛለህ፣ ምን ጠጣህ፣ መቼ ጀመረህ።

«መርማሪው እንኳ ይህን ያህል አልጠየቀኝም» አለው አንድ የቡራዩ ብረት በያጅ። ሰው ሳቀ። በያጁ ግን አልሳቀም። «ማን ልኮህ ነው?»

«ማንም። መጀመሪያ የታመመውን ካወቅን በሽታው የመጣበትን መንገድ እናውቃለን። እዚያ ጥግ ያለውን ነጋዴ እይ፤ ባልዲው ሥር ነው የሚተኛው፣ ግን አልታመመም። የሚጠጣው ቤተሰቡ የሚያመጣለትን የታሸገ ውሃ ነው። ነገሩ ያለው በርሜሉ ውስጥ ነው።»

«በርሜሉን የሚነኩት አባባ ብቻ ናቸው። እሳቸውን ነው የምትከሰው?» በያጁ ኮሌታውን ያዘው።

ተማሪው ወደ እኔ አላየም። ኦቦ በዚያ መሀል አቃሰቱ።

«ልቀቀው» አልኩ። «መጀመሪያ የታመምኩት እኔ ነኝ፤ ካቦ በሆንኩ ማግስት። ሽንት ቤት ስንወጣ ቀድሜ የምሮጠው ለዚያ ነበር። አፍሬ ደበቅኩ። ውሃ ላለማባከን ብዬም እጄን ሳልታጠብ እቀዳ ነበር፤ ጣሳዋ እጀታ ስለሌላት ጣቶቼ ውሃው ውስጥ ይገባሉ።»

በያጁ እጁን አወረደ። «እኛን ነበር ቆሻሻ የሚሉን?»

«አዎ።»

ጣሳዋን ለእሱ ሰጠሁት። በርሜሉን ዘንበል አድርገን ደፋነው። ከዚያ ተማሪውና እኔ በሩን መደብደብ ጀመርን። ጠባቂው ሲመጣ ተማሪው፣ «ተላላፊ ነው፤ እናንተም የዚሁን ግቢ ውሃ ነው የምትጠጡት» አለው። ሰዓት ሳይሞላ ጠባቂዎቹ ኦቦን በብርድ ልብስ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። ከአራት ቀን በኋላ ሲመለሱ ሁሉን ሰምተዋል። «አካም ጅርቱ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ሲሉን መጀመሪያ የጨበጡት የእኔን እጅ ነው።

ልጆቼን ስመክር ይህችን ታሪክ ለዓመታት ዘለልኳት። በቅርቡ ነገርኳቸው። ታላቋ ልጄ፣ «አባዬ፣ ኦቦ ባይደክሙ ኖሮ ትናገር ነበር?» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠርቼ፣ «የምናገር አይመስለኝም» አልኳት።