ራስጌና ግርጌ

የኬሚስትሪ መምህሩ አቶ ጎፋ፣ የተማሪያቸው የሙፊዳ ወላጆች ግቢ ውስጥ ተከራይ ናቸው። ብቻቸውን ቢኖሩም ከሰፊው አልጋቸው ግርጌ ሁለተኛ ትራስ አይጠፋም፤ ሲተኙም ጥጋቸውን ይዘው ነው።

ዛሬ ሰሌዳው ላይ ሳጥን ስለው አንዱን ቀስት ሽቅብ፣ ሌላውን ቁልቁል አሰመሩ።

«አንድ ኦርቢታል፣ ማለትም ይህ ሳጥን፣ የሚይዘው ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ነው፤ እነሱንም ስፒናቸው፣ የሽክርክሪት አቅጣጫቸው፣ ተቃራኒ ሲሆን ነው። አንድ አልጋ ላይ ራስጌና ግርጌ እንደሚተኙ ደባሎች በሏቸው።»

«ቲቸር፣ አንዱን ቢወስዱትስ?» አለች ሙፊዳ።

ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች። በቀይ ሽብር ጊዜ አብዮት ጠባቂዎች የመምህሩን ደባል ከዚያ ሰፊ አልጋ ጎትተው ሲወስዱት፣ እሳቸው ብርድ ልብሱን እስከ ጆሯቸው ስበው የተኛ ሰው መስለው እንደነበር እናቷ በሩ ላይ ቆማ አይታ ነግራታለች።

«የቀረው እዚያው ይኖራል» አሉ መምህሩ። ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው መልሰው የኮታቸውን ኮሌታ እስከ ጆሯቸው ሳቡት።