ሻሼን አደራ የተቀበልኩ ሰሞን

ልጄ ሜሮን ባለፈው ወር ለመስክ ሥራ ወደ ጅማ ስትሄድ ድመቷን እኔ ዘንድ ትታት ሄደች። ቤቴ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ድመቷም ከተወለደች ጀምሮ መሬት ረግጣ የማታውቅ የፎቅ ልጅ ናት። ሜሮን ሻንጣዋን በር ላይ አቁማ ስልኳ ላይ የጻፈችውን ትእዛዝ አንድ በአንድ አነበበችልኝ፤ ጠዋት አሥር ደቂቃ ማጫወት፣ ከቤት ስወጣ ቴሌቪዥኑ ላይ የወፎች ቪዲዮ መክፈት፣ ምግቧን ፈልጋ እንድታገኘው እዚህም እዚያም መደበቅ።

«እማ፣ ብቻዋን ስትሆን ይደብራታል እኮ። ገባሽ አይደል?» አለችኝ።

ገብቶኛል አልኳት። ደረጃውን ወርዳ ከሄደች በኋላ ግን ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩና ብቻዬን ሳቅኩ። ድመት ብቻዋን ስትውል ምን ይሰማታል የሚለው ነገር ገና በሃያ ሁለት ዓመቴ ራሴን ሊያዞረው ደርሶ ነበር።

ያን ጊዜ ጳውሎስ አካባቢ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ በረዳትነት እሠራ ነበር። የምኖረው ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። የግቢው ባለቤት ጋሽ በቀለ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሰው ነበሩ። ከሰው ጋር ብዙ አያወሩም። ወሬያቸው ከድመታቸው ጋር ነው። እንደ ሻሽ ነጭ ስለሆነች ሻሼ ይሏታል።

ሻሼ ከቤት አትወጣም። በሰፈራችን ይህ ጉድ ነበር። የሌላው ሰው ድመት በየጣሪያው ሲዞር ይውላል፤ ሲመሽ ቢገባ ገባ፣ ባይገባም የት አደርክ የሚለው የለም። ሻሼ ግን እንደ ጫጉላ ሙሽራ ቤት ውስጥ ነው የምትውለው። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል። ከእሷ በፊት የነበራቸው ድመት መርዝ የቀመሰ አይጥ በልቶ ደጃፋቸው ላይ ሞተ። መርዙን ያስቀመጡት ደግሞ ታላቅ እህታቸው እትዬ ዘነበች ናቸው ተባለ። እህትና ወንድም የአባታቸውን ግቢ ለሁለት ተካፍለው ጎን ለጎን ነው የሚኖሩት። ድመቱ ከሞተ ጀምሮ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በድመት ብቻ ነው የተጣሉት ወይስ ሌላ ነገር ነበረ? እኔ እንጃ። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የሚነግረኝ።

ነሐሴ ላይ ጋሽ በቀለ ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ሆስፒታል ሊገቡ ሆነ። የሄዱ ዕለት ቁልፋቸውን እጄ ላይ አስቀመጡና ጣቶቼን ራሳቸው አጠፉልኝ።

«በር እንዳትከፍችላት። ስትወጪም ስትገቢም በእግርሽ ከልክያት» አሉኝ። «የጓዳው መስኮት ግን ክፍት ይሁን። ፍርግርግ አለው፣ አትወጣም። አየር ታግኝ።»

«ብቻዋን ስትውል ምን ላድርግላት ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቄ? አጫውቻት እንጂ!» አሉና ታክሲ ውስጥ ገቡ።

አጫውቻት! ድመት ምን ተብሎ ነው የሚጫወተው? በመጀመሪያው ቀን ከሥራ ስመለስ የሰጠኋት ወተት እንዳለ ተቀምጧል፣ መጋረጃው ተቦጭቋል፣ እሷ አልጋ ሥር ሆና ትጮኻለች። በማግስቱም እንዲያው። አብራኝ የምትሠራውን ሰብለን ባማክራት ሳቀችብኝ። «አይጥ ታሳድ እንጂ ምን ጨዋታ ያስፈልጋታል?» አለች። ቢሆንም ማታ ወደ ቤት ስሄድ የመድኃኒት ባዶ ካርቶኖች ሰብስባ ሰጠችኝ።

ካርቶኖቹን እየቀደድኩ መግቢያና መውጫ ሠራሁላቸው። የክር ኳስ ጠቀለልኩ። ቋንጣ በወረቀት እየቋጠርኩ በየጥጉ ደበቅኩ። ጠዋት ስወጣ ሬዲዮ እከፍትላታለሁ። ከጎሚስታው ቤት አጠገብ በቆሎ የሚጠብሱ ሴትዮ ነበሩ፤ ከእሳቸው የገዛሁትን እየበላሁ በጭቃው ዳገቱን ስወጣ የማስበው ነገ ደግሞ ምን እንደምሠራላት ነው። እናቴ ብታየኝ ኖሮ ጠበል ትወስደኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን በሩን ስከፍት ሻሼ አልጮኸችም። ሆዷ ሞልቶ፣ እግሮቿን ዘርግታ ጓዳ ውስጥ ተኝታለች። ደስ አለኝ። ካርቶኖቼ ሠሩ ብዬ ለሰብለም አወራሁላት። ይህ ኩራት ሁለት ቀን ነው የቆየው። ጓዳውን ስጠርግ ከመስኮቱ ሥር የተቀቀለ ሳንባ ቁራጭ አገኘሁ። አጠገቡ በቀይ ክር የታሰረ የዶሮ ላባ ወድቋል።

እኔ ሳንባ ገዝቼ አላውቅም። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው የሚውለው። በሩን አየሁት፣ አልተነካም። መስኮቱን አየሁት፣ ፍርግርጉ እንዳለ ነው። ያኔ ነው መስኮቱ ወዴት እንደሚያሳይ ትዝ ያለኝ። የጓዳው ግድግዳ ራሱ የሁለቱ ግቢ ድንበር ነው፤ መስኮቱ የሚከፈተው ወደ እትዬ ዘነበች ጓሮ ነው።

መርዝ! ሳንባውን በወረቀት ጠቅልዬ ጣልኩት፣ እጄን ሁለቴ ታጠብኩ፣ መስኮቱን ጠርቅሜ ዘጋሁት። ሻሼን እቅፌ ላይ አስቀምጬ ዓይኗን፣ ድዷን፣ ሆዷን ሳይ አመሸሁ። ምንም አልሆነችም። እንዲያውም አንኮራፋች። ሁለት ቀን በልታ ካልሞተች መርዝ አይደለም ማለት ነው? ወይስ ገና ነው? መድኃኒት ቤት እየሠራሁ ይህን እንኳ ማወቅ አቃተኝ።

መስኮቱ በተዘጋ በማግስቱ ጩኸቱ ተመለሰ። ካርቶኖቹን ዞር ብላም አታያቸውም። መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ የተዘጋውን እንጨት ትቧጥጣለች። ሦስት ቀን እህል የሚባል አልቀመሰችም። ሆስፒታል ሄጄ ጋሽ በቀለን ስጠይቃቸው ገና ቁጭ ሳልል «ሻሼስ?» አሉኝ።

«ደህና ናት ጋሼ፣ ትበላለች» አልኳቸው። መዋሸቴን ያወቁብኝ መሰለኝ፤ ኮርኒሱን አዩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ ዘነበች ናቸው። ወፍራም ጋቢ ለብሰው ዝናቡ ውስጥ ቆመዋል። እግራቸው ከደፉ ወዲህ አልገባም።

«ሞተች?» አሉኝ።

«ማን?»

«ድመቷ ናታ! መስኮቱ ለምን ተዘጋ?»

አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። «ሳንባውን የሚሰጧት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ። ወንድሜ ገበያ ሲወጣ ጠብቄ በላባ አጫውታታለሁ። ድምፄን ታውቃለች። አሁንም ሆስፒታል መግባቱን ዘግይቼ ስሰማ ነው የመጣሁላት።» ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉት። «መርዝ መስሎሽ ነው የዘጋሽው፤ አይደል?»

አንገቴን ደፋሁ።

«ያን ጊዜ መርዝ አድርጌያለሁ። አልዋሽሽም። ለአይጥ ነበር። ድመቱ አይጡን ይበላዋል ብዬ ማን አሰበ? አልቅሼ ልነግረው መጣሁ። በሩን አልከፈተልኝም።»

ምን ማድረግ ነበረብኝ? አደራው የጋሽ በቀለ ነው። ድመቷ ደግሞ እያየኋት ልትሞት ነው። መስኮቱን ከፍቼ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ጠበቅኩ። እትዬ ዘነበች በጓሯቸው ዞረው መጡና «ሻሺት፣ እናቴ» አሉ። ያቺ ሦስት ቀን እህል ያልቀመሰች ድመት እንደ ጥይት ተወርውራ ፍርግርጉ ላይ ተለጠፈች። አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ እንጃ።

«እንዳትነግሪው» አሉኝ እትዬ ዘነበች። እሺ አልኩ።

ጋሽ በቀለ በሁለተኛው ሳምንት ወጡ። ሻሼ ወፍራለች፣ ፀጉሯ ያበራል። በመዳፋቸው ጀርባዋን እየደባበሱ ሲያመሰግኑኝ ግን ምስጋናውን መቀበል አቃተኝ። የሌላ ሰው ሥራ ነው። እሺ ብዬ የገባሁትን ቃል በልቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ታርቀው አያቸዋለሁ ብዬ ነው።

ፊታቸው ጠቆረ።

«ማን ንገሪኝ አለሽ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ጋሼ፣ ቢያውቁት ይሻላል ብዬ...»

«እኔ የማላውቀው መስሎሽ ነው? መስኮቱን ክፍት ተዪው ያልኩሽ ለምን ይመስልሻል? ሳይነገረኝ ነበር የተውኩት። አሁን ነገርሽኝ። ሰምቼ ዝም ልበል?»

የተሰፋ ሆዳቸውን አሥሬ እየደገፉ፣ መዶሻ አንስተው መስኮቱን በጣውላ መቱት። ለመንኳቸው፤ አልሰሙኝም። እኔ ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ያወቁትን ነገር ብነግራቸው እንዴት አዲስ ይሆናል? ብዙ አሰብኩበት፤ አልገባኝም።

ሻሼ ሲነጋ መጮኽ ጀመረች። ሁለት ቀን ታገሷት። በሦስተኛው ቀን በረንዳ ላይ ቆመው፣ እኔን ሳያዩ፣ «ጩኸቷ ራሴን አመመኝ። አንቺ ጋ ትዋል» አሉ። እሑድ ነበር፤ ሥራ የለኝም። አቅፌ ወደ ክፍሌ ወሰድኳት። አንድ ሰዓት ያህል ሳይቆይ እትዬ ዘነበች በግቢው በር ገብተው፣ ደፌን ተሻግረው አልጋዬ ላይ ቁጭ አሉ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ጩኸቱን ሲሰሙ ነው የሰነበቱት።

ድመቷን ጭናቸው ላይ አድርገው ሳለ ጋሽ በቀለ በሩ ላይ ቆሙ።

«ድመቴን ልወስድ ነው» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ።

«ውሰዳታ! ማን ያዘብህ?» አሉ እህታቸው።

አልወሰዷትም። ቆመው ቀሩ። ድመቷን እያዩ «ሳንባ ስትሰጫት ቅመም አታድርጊበት፤ ያስመልሳታል» አሉ። እትዬ ዘነበችም «አንተ ነህ ወተት የምታበዛባት» ብለው መለሱ። ከአራት ዓመት በኋላ የተነጋገሩት ይህንን ነው።

ከዚያ በኋላ ታረቁ ልበል? ሽማግሌ አልገባም፣ ይቅርታም ሲባባሉ አልሰማሁም። ጣውላው ተነሳ፣ እትዬ ዘነበችም በዋናው በር መግባት ጀመሩ። ግን በየቀኑ ይጨቃጨቃሉ። በምግቧ፣ በመኝታዋ፣ አንዳንዴም እኔ ከመወለዴ በፊት በሆነ ነገር። አግብቼ ከግቢው እስክወጣ ድረስ ጭቅጭቁ አላቆመም።

ጋሽ በቀለ ከዓመታት በኋላ ሲያርፉ ለቅሶ ሄድኩ። እትዬ ዘነበች ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ በድምፄ ነው ያወቁኝ። እጄን ይዘው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ባትነግሪው ይሻል ነበር» አሉኝ። «በመስኮት ሳለን እኮ አንድ ቀን ተጨቃጭቀን አናውቅም።» ከዚያ እጄን ሳሙትና ድንኳኑ እስኪሰማ ድረስ አለቀሱ። ወቀሳ ይሁን ምስጋና እስከ ዛሬ አልለየሁትም። አንዳንድ ቀን ጥሩ ሥራ ሠራሁ እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሁለት ሽማግሌዎች በዝምታ ያበጁትን ነገር በችኮላዬ ያፈረስኩ ይመስለኛል።

የሜሮን ድመት ይህን ስጽፍ ከመስኮቱ መስታወት አጠገብ ተቀምጣለች። ታች መንገዱ ላይ የሚኒባስ ረዳቶች ይጣራሉ፤ የምትሰማቸው አይመስልም። የወፎቹን ቪዲዮ አጥፍቼዋለሁ፣ ራሴን ስላፈዘዘኝ ነው። ቅድም ሜሮን ደውላ ነበር።

«ምን እያደረገች ነው?»

«ምንም።»

«ደስ ብሏታል?»

ድመቷን ለረጅም ጊዜ አየኋት። እሷም ዞር ብላ አየችኝ።

«እኔ እንጃ ልጄ» አልኳት። «ግን አጠገቧ ነኝ።»