ቀይ ክር የታሰረባት ቃሪያ

ከባለቤቴ ጋር የሠራነው የመጨረሻ ሥራ፣ እዚህ አሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንጉ ጓሯችን ካሉት ቃሪያዎች ምርጧ ላይ ቀይ ክር ማሰር ነበር፤ ማንም ተሳስቶ እንዳይቀጥፋት። ቅርንጫፏን እኔ ያዝኩለት፤ እሱ ቋጠረ። የቀረውን ለቅመን እዚሁ ቅርብ፣ አሌክሳንድሪያ ላለችው ልጃችን ወሰድንላት። መስከረም ሳይጠባ፣ በተኛበት ልቡ ቀጥ አለ።

ትናንት ልጄ መጣች። «እማዬ፣ ብቻሽንማ አትሆኚም። ቤቱን እንሽጠውና እኔ ጋ ነይ» አለችኝ።

ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ክር ያለባት ቃሪያ ቀልታለች። ቀጥፌ ስሰነጥቃት ሽታዋ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝና ደሴ፣ አባቴ ጓሮ አደረሰኝ።

ያኔም ክር የታሰረባትን ልቀጥፍ ስል አባቴ እጄን ያዘኝ።

«ተይ፣ አንቺ ቀበጥ! እሷ የኛ አይደለችም።»

«የማን ናት አባባ?»

«ከርሞ እዚህ ቤት ለሚኖር ሰው ናት።»

እንግዳ የሚመጣ መስሎኝ የግቢውን በር ስጠብቅ ሰነበትኩ። በዓመቱ ፍሬዋን ስንዘራ ግን ከእኛ ሌላ የመጣ ሰው አልነበረም።

ልጄ ተከትላኝ ወጥታ ኖሮ «እሺ፣ ምን ወሰንሽ?» አለች።

«ከርሞም እዚሁ ነኝ» አልኳት። «ይልቅ እጅሽን ዘርጊ፣ ፍሬዋ እንዳይበተንብኝ።»

አሁን ፍሬዋን መስኮቱ ሥር በጋዜጣ ላይ አስጥቻለሁ። ብርዱ ሲያልፍ እዘራታለሁ።