ሦስተኛዋ ምስክር

ጎረቤቴ ኦቦ ቶለራ ውጭ አገር አርባ ዓመት ሠርተው፣ ጡረታ ወጥተው ነቀምቴ ገቡ። ፓስፖርታቸው የውጭ ነው። ቪዛቸው ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ለማውጣት እዚሁ መወለዳቸውን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች ቀበሌ አምጡ ተባሉ።

እኔና ባሌ፣ የተዋወቅናቸው ከመጡ ወዲህ ቢሆንም፣ “አብረን ነው ያደግነው” ብለን መሰከርን። ሦስተኛዋ ከትውልድ መንደራቸው ከጉቴ የመጡት አሮጊት አዴ ጫልቱ ናቸው።

“እኚህን ሰው ያውቋቸዋል?” አላቸው ጸሐፊው።

አዴ ጫልቱ ትኩር ብለው አዩአቸው። “የዲንቂቱ ልጅ ቶለራ ሞቷል” አሉ። “በሕይወት ቢኖርማ እናቱ ስትቀበር ይቀር ነበር?”

እኔ በቃ፣ መታወቂያው ገደል ገባ አልኩ። ኦቦ ቶለራ አንገታቸውን ደፉ።

ጸሐፊው ግን ብዕሩን አነሣ። “ከሦስቱ በእውነት የሚያውቁዎት እኚህ ናቸው” አለና ፈረመ።